ያለ መርፌ፣ በትንፋሽ ብቻ ካርዲያክ አውትፑትን መለካት፦ አሠራሩ፣ ስሌቱና በከፍታ ላይ የሚገጥመው ስህተት

ልብ በደቂቃ የሚረጨው የደም መጠን፣ ሐኪሞች ካርዲያክ አውትፑት የሚሉት፣ በእረፍት ላይ ባለ ጤነኛ አዋቂ ከ4 እስከ 8 ሊትር ነው። ይህን ለማወቅ የተለመደው መንገድ ካቴተር (ቀጭን ቱቦ) በደም ሥር አስገብቶ በቀኝ ልብ በኩል እስከ ሳንባ ደም ወሳጅ ድረስ መግፋት ነው። እዚህ የምንገልጸው ዘዴ ግን መርፌ አያስፈልገውም። ታካሚው ከአንዲት የጎማ ከረጢት ለ15 ሰከንድ ያህል መላልሶ ይተነፍሳል፣ መሣሪያውም በትንፋሹ ውስጥ ያለው ጋዝ የሚቀንስበትን ፍጥነት አይቶ የደሙን ፍሰት ያሰላል። ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን በስክሪኑ ላይ የሚወጣው ቁጥር ትክክል መሆን አለመሆኑ ከማሽኑ ይልቅ በአተነፋፈሱና ባለሙያው በሚያስገባቸው ማስተካከያዎች ይወሰናል። እንደ አዲስ አበባ ባለ ከፍታ ላይ የሚሠራ ባለሙያ ደግሞ ፋብሪካው ያስቀመጠውን ቅንብር እንዳለ ከተቀበለ ከሩብ በላይ ሊሳሳት ይችላል።

ዘዴው ለምን ይሠራል

ከቀኝ ልብ የሚወጣው ደም በሙሉ በሳንባ ያልፋል። ስለዚህ በሳንባ የሚያልፈውን ደም የለካ የልብን ርጭት ለካ ማለት ነው። ሐሳቡን አዶልፍ ፊክ በ1870 አቀረበው፤ ኮፐንሃገን ላይ ኦገስት ክሮግና ዮሐንስ ሊንድሃርድ በ1912 ናይትረስ ኦክሳይድን በትንፋሽ አስገብተው በሰው ላይ ሠሩበት። ዛሬም የምንጠቀምበት ጋዝ እሱው ነው። የተለወጠው የመለኪያው ፍጥነትና ጥራት ነው።

በከረጢቱ ውስጥ ሁለት ጋዞች በጣም በትንሹ ይገባሉ። አንደኛው ናይትረስ ኦክሳይድ ነው፤ በደም ውስጥ ይሟሟል፣ ከሄሞግሎቢን ጋር ግን አይጣበቅም። በሰውነት ሙቀት 1 ሊትር ደም 0.47 ሊትር ያህል ይወስዳል። ደሙ በፈጠነ ቁጥር ጋዙ ከሳንባ ቶሎ ይጠፋል። ሁለተኛው ሰልፈር ሄክሳፍሎራይድ ነው፤ በደም ውስጥ አይሟሟም ማለት ይቻላል፣ ስለዚህ ከሳንባና ከከረጢቱ የትም አይሄድም። እሱ የሚነግረን ሁለት ነገር ነው፦ ጋዙ የተሰራጨበት ጠቅላላ ይዘት ስንት ሊትር እንደሆነና ድብልቁ እኩል መዳረሱን። አንዱ ሳይኖር ሌላው ብቻውን ዋጋ የለውም።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

የጋዝ መለኪያው ለሁለቱም ጋዞች ፈጣንና ጥቃቅን ለውጥ የሚለይ መሆን አለበት። ማስ ስፔክትሮሜትር ወይም ፎቶአኮስቲክ መለኪያ ይሆናል። ፎቶአኮስቲክ የሚባለው የሚቆራረጥ ኢንፍራሬድ ብርሃን በጋዙ ላይ ለቆ ጋዙ ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ የሚያሰማውን ድምፅ በማይክሮፎን የሚቀበል ነው፤ የዴንማርኩ ኢኖኮር በዚህ ይሠራል። የቀዶ ሕክምና ክፍል የማደንዘዣ ሞኒተር ናይትረስ ኦክሳይድ ቢያነብም አይተካውም፤ የተሠራው ለ50 ወይም ለ70 በመቶ ነው፣ የኛ መጠን 0.5 በመቶ ነው።

ከዚህ ሌላ፦ የተጠናቀረ ጋዝ የያዘ ሲሊንደር (5% ናይትረስ ኦክሳይድ፣ 1% ሰልፈር ሄክሳፍሎራይድ፣ 94% ኦክስጅን)፣ የጎማ ከረጢት፣ ከክፍሉ አየር ወደ ከረጢቱ በአንድ ጊዜ የሚዞር ቫልቭ፣ የባክቴሪያ ማጣሪያ፣ የአፍ መያዣ፣ የአፍንጫ መቆንጠጫ፣ ፐልስ ኦክሲሜትር (በጣት ላይ ተደርጎ የደምን ኦክስጅን የሚያነብ)፣ ባለ 3 ሊትር የካሊብሬሽን ሲሪንጅ፣ ባሮሜትር። ማጣሪያው በየታካሚው ይቀየራል። ታካሚው ከረጢት ውስጥ አስወጥቶ መልሶ የሚስበው አየር ነውና ቲቢ ባለበት አገር በዚህ መቆጠብ አይገባም።

ታካሚውን ማዘጋጀት

ከመለካቱ በፊት 2 ሰዓት ያህል ምግብ አይብላ፣ ቡናና ሲጋራም ይቅርበት። ከደረሰ በኋላ ቢያንስ 10 ደቂቃ በሚለካበት አኳኋን ይረፍ። ተኝቶ የተለካ ቁጥር ተቀምጦ ከተለካው ይበልጣል፤ ስለዚህ ከወር በኋላ ሲመለስ በዚያው አኳኋን ይለካ። ቁመት፣ ክብደት፣ የልብ ምት፣ የደም ግፊትና ሄሞግሎቢን ይመዝግቡ።

በቅርቡ ሳንባው ላይ አየር የፈሰሰበት፣ በሬቲና ቀዶ ሕክምና ዓይኑ ውስጥ ጋዝ የተደረገለት፣ በእረፍት እንኳ ትንፋሽ የሚያጥረው ወይም ከንፈሩን በአፍ መያዣው ላይ መግጠም የማይችል ሰው ይቆይ።

ከዚያ ያለ ጋዝ ያለማምዱት። ይህን ደረጃ የዘለለ ባለሙያ በኋላ ሦስት ጊዜ ይደግማል። ከረጢቱን በክፍሉ አየር ሞልተው፣ በሜትሮኖም በደቂቃ 20 ጊዜ፣ ማለትም በየ3 ሰከንዱ አንድ ሙሉ ትንፋሽ፣ ያስተነፍሱት። ለአንድ አዛውንት የሚባለው ይህን ያህል ብቻ ይሁን፦ «አባባ፣ እንደ ወትሮዎ ይተንፍሱ። ‹ያስወጡ› ስልዎ ቀስ ብለው ያስወጡ፣ አይግፉት። ‹ይሳቡ› ስልዎ ከረጢቱ እስኪጨማደድ ይሳቡት። ከዚያ ከኔ እጅ ጋር ይሂዱ።» እጅዎን ከፍና ዝቅ ማድረግ ከቃል ትእዛዝ የበለጠ ያግዛል፤ ጆሮው ለደከመ ሰውማ ሌላ መንገድ የለም።

አለካኩ ደረጃ በደረጃ

1. መሣሪያውን ያሙቁ፣ የፍሰት መለኪያውን በ3 ሊትር ሲሪንጅ ያስተካክሉ። የናሙና ቱቦው ውስጥ እርጥበት ካለ ይቀይሩት፤ እርጥብ ቱቦ ምልክቱን ያዘገየዋል፣ የጋዙና የፍሰቱ ሰዓት ይለያያል።

2. የአየር ግፊቱን ያስገቡ። የሚያስገቡት የክፍሉን ትክክለኛ ግፊት ነው። የስልክ የአየር ሁኔታ መተግበሪያ ለአዲስ አበባ 1,020 ሄክቶፓስካል ገደማ ካሳየዎት፣ ያ ወደ ባሕር ጠለል የተመለሰ ቁጥር ነው። እውነተኛው 773 ገደማ ነው፣ በሜርኩሪ 580 ሚሊ ሜትር።

3. የቫልቩንና የከረጢቱን ፍሳሽ ይፈትሹ፦ ሞልተው ይዝጉ፣ ለአንድ ደቂቃ በእጅ ጫን ይበሉ። የሚረግብ ከሆነ መገጣጠሚያዎቹን ይዩ።

4. ከረጢቱን ይሙሉ። ለተቀመጠ አዋቂ ከ1 እስከ 1.5 ሊትር ይበቃል። መሣሪያው ራሱ ካልቀላቀለ፣ አንድ እጅ የሲሊንደሩ ጋዝ ለዘጠኝ እጅ የክፍሉ አየር ነው። ለ1.3 ሊትር ከረጢት 130 ሚሊ ሊትር ጋዝና 1,170 ሚሊ ሊትር አየር ይገባል፤ ድብልቁ 0.5% ናይትረስ ኦክሳይድ፣ 0.1% ሰልፈር ሄክሳፍሎራይድ፣ 28% ያህል ኦክስጅን ይሆናል። ሰልፈር ሄክሳፍሎራይድ አየር ንብረትን ከሚያሞቁ ጋዞች ሁሉ ብርቱ ነው፤ ሲሊንደሩን ክፍት አይተዉት።

5. የአፍንጫ መቆንጠጫውን ያድርጉ፣ ከንፈሩ በዙሪያው መግጠሙን ይዩ፣ በክፍሉ አየር ጥቂት ጊዜ ያስተንፍሱት። ፂም ሳይሆን የተፈታ ሰው ሠራሽ ጥርስ ነው ብዙ ጊዜ አየር የሚያሾልከው፤ የሚላወስ ጥርስ ካለ አውጥተው ይለኩ።

6. ተራ ትንፋሽ አስወጥቶ ሲጨርስ ቫልቩን ወደ ከረጢቱ ያዙሩ። ቀደም ብሎ የዞረ ቫልቭ የሰውየውን ትንፋሽ ከረጢቱ ውስጥ ከትቶ የመነሻውን መጠን ያበላሻል፤ የዘገየ ደግሞ የመጀመሪያውን ስበት ግማሹን ከክፍሉ አየር ያደርገዋል።

7. በየስበቱ ከረጢቱን ባዶ ያድርግ፣ በየ3 ሰከንዱ። 5 ትንፋሽ ይበቃል። በ15 ሰከንድ ገደማ ቫልቩን ወደ ክፍሉ አየር ይመልሱ። ከዚያ በላይ ከቀጠሉ ጋዝ የወሰደው ደም ሰውነትን ዞሮ ወደ ሳንባ ይመለሳል፣ መጥፋቱ የዘገየ ይመስላል፣ ቁጥሩም ያንሳል። በእንቅስቃሴ ላይ ደሙ ቶሎ ስለሚዞር ጊዜው ከ10 ሰከንድ ባይበልጥ ይሻላል፤ አተነፋፈሱም ይፈጥናል።

8. ማዞር፣ የደረት ሕመም ወይም የኦክስጅን ንባቡ ከመነሻው 4 ወይም 5 ነጥብ መውረድ ካለ ወዲያው ያቁሙ። ካርቦን ዳይኦክሳይድ በከረጢቱ ስለሚጠራቀም በመጨረሻው ትንፋሽ ትንሽ የመታፈን ስሜት ይኖራል፤ አስቀድመው ይንገሩት።

9. 5 ደቂቃ ያሳርፉና ይድገሙ። ሁለቱ ውጤቶች በ10% ውስጥ ከተቀራረቡ አማካያቸውን ይውሰዱ፤ ካልተቀራረቡ ሦስተኛ ይለኩ። ሳያርፉ መድገም ቁጥሩን ዝቅ ያደርገዋል፣ ደሙ ገና ናይትረስ ኦክሳይድ ይዟልና።

ቁጥሩን ሳያዩ መስመሩን ይዩ

ውጤቱ ከመነበቡ በፊት የሰልፈር ሄክሳፍሎራይድ መስመር ይታይ። ጥሩ ከሆነ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ትንፋሾች ወጣ ገባ ይልና ከሦስተኛው ጀምሮ ይተኛል። እስከ መጨረሻው የሚወዛወዝ ከሆነ ድብልቁ አልተዳረሰም፤ ሰውየው ከረጢቱን ባዶ አላደረገም ወይም ሳንባው ራሱ አየርን እኩል አያሰራጭም፣ እንደ ኤምፊዚማ ባለ የሳንባ በሽታ። የመጀመሪያው በልምምድ ይስተካከላል። ሁለተኛው አይስተካከልም፤ ዘዴው የሚያየው አየር በደረሰበት የሳንባ ክፍል የሚያልፈውን ደም ብቻ ስለሆነ ውጤቱ ከእውነቱ ያነሰ መሆኑን ጽፈው ይተዉት። መስመሩ ሳይወዛወዝ ቀስ እያለ የሚወርድ ከሆነ ግን የትም ሳይሄዱ አፍ፣ አፍንጫና ማጣሪያው ላይ ፍሳሽ ይፈልጉ።

ናይትረስ ኦክሳይድ በሰልፈር ሄክሳፍሎራይድ ተካፍሎ ነው የሚነበበው። ሰውየው በእነዚያ ሰከንዶች ኦክስጅን ስለሚወስድ ጠቅላላ ይዘቱ በጥቂቱ ይቀንሳል፤ ማካፈሉ ይህንንም የድብልቁንም ጉድለት ያርማል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ትንፋሾች ከስሌቱ ይውጡ።

ስሌቱ በእጅ ሲሠራ

ማሽኑ ያሰላል፤ ሆኖም አንድ ጊዜ በእጁ ያልሠራው ሰው ማሽኑ ሲሳሳት አያውቅም። ቁመቱ 165 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱ 58 ኪሎ፣ የልብ ምቱ 72 የሆነ ሰው አዲስ አበባ ላይ በ20 ዲግሪና በ50% እርጥበት ተለካ እንበል።

ከረጢቱ 1.3 ሊትር ነበር። ይህ አየር ሳንባ ገብቶ 37 ዲግሪ ሲሞቅና በውሃ ተን ሲሞላ ይሰፋል። የማስፊያው ቁጥር (310 ÷ 293) × (571 ÷ 533) = 1.13 ነው። 310ና 293 የሳንባው 37 እና የክፍሉ 20 ዲግሪ በኬልቪን ናቸው። 571 የሚባለው 580 ሲቀነስ የክፍሉ ተን 9 ነው፤ 533 ደግሞ 580 ሲቀነስ የሳንባው ተን 47 ነው። ስለዚህ ከረጢቱ 1.47 ሊትር ይሆናል።

ሰልፈር ሄክሳፍሎራይዱ ከ0.100% ተነሥቶ 0.0409% ላይ ተኛ። ጠቅላላ ይዘት = 1.47 × 0.100 ÷ 0.0409፣ ማለትም 3.6 ሊትር።

የተስተካከለው ናይትረስ ኦክሳይድ፣ ማለትም በሰልፈር ሄክሳፍሎራይድ ተካፍሎ መነሻው 1 የተደረገው፣ በ6ኛው ሰከንድ 0.872፣ በ9ኛው 0.845፣ በ12ኛው 0.819 ሆነ። ናቹራል ሎጋሪዝማቸው −0.137፣ −0.168፣ −0.200 ነው። በ6 ሰከንድ ውስጥ 0.0627 ወረደ፤ በደቂቃ 0.627 ማለት ነው። መስመሩን ወደ ዜሮ ሰከንድ ወደ ኋላ ብንስበው 1 ላይ ሳይሆን 0.928 ላይ ያርፋል። የጎደለው ጋዝ የጠፋ አይደለም፤ ገና ከመነሻው በሳንባው ሥጋ ውስጥ የሟሟው ነው። ከእሱ የሳንባው ሥጋና ፈሳሽ 0.6 ሊትር ያህል ሆኖ ይወጣል።

የደም ፍሰት = 0.627 × (3.6 ÷ 0.468 + 0.6) = 5.2 ሊትር በደቂቃ። 0.468 ቀደም ሲል 0.47 ያህል ያልነው፣ ጋዙ በደም የሚሟሟበት ቁጥር ነው።

በልብ ምቱ ሲካፈል በአንድ ምት 72 ሚሊ ሊትር ነው። የሰውነቱ ስፋት የቁመትና የክብደት ብዜት በ3,600 ተካፍሎ ካሬ ሥሩ፣ 1.63 ካሬ ሜትር፤ ኢንዴክሱ 3.2፣ ከ2.5 እስከ 4 ባለው የተለመደ ክልል ውስጥ ነው።

የማስፊያው ቁጥር ቢረሳ ይኸው ሰው 4.6 ሊትር ይወጣለት ነበር። 12 በመቶ ያህል ጠፋ ማለት ነው።

ማመሳከሪያም አለ። 58 ኪሎ ሰው በእረፍት 200 ሚሊ ሊትር ያህል ኦክስጅን በደቂቃ ይጠቀማል። ይህን ለ5.2 ብናካፍል እያንዳንዱ ሊትር ደም 39 ሚሊ ሊትር ሰጥቷል፤ ከ35 እስከ 55 ያለው ተቀባይነት አለው። ማሽኑ 9 ሊትር ቢል ኖሮ 22 ሚሊ ሊትር ይሆናል። ደም ማነስ፣ ትኩሳት፣ እርግዝና ወይም የታይሮይድ መብዛት ከሌለ አያምኑት።

ከፍታው የሚሠራው ተንኮል

ዘዴው የሚለካው ከአየር ጋር የተገናኘውን ደም ነው። አየር ሳይነካ በሳንባ አልፎ የሚሄድ ደም፣ ሸንት የሚባለው፣ አይታየውም። ስለዚህ ሶፍትዌሩ ከፐልስ ኦክሲሜትሩ ንባብ ሸንቱን ገምቶ ይጨምርበታል። ግምቱ የቆመው ከሳንባ የሚወጣ ደም ሸንት ከሌለበት 98% ኦክስጅን የያዘ ነው በሚል ነው። ባሕር ጠለል ላይ ያስኬዳል። አዲስ አበባ ላይ ግን ጤነኛ ሰው 94% ቢያነብ የአየሩ ስስነት እንጂ ሸንት አይደለም።

በምሳሌያችን እናስላው። ሄሞግሎቢኑ 15 ከሆነ የ4 ነጥብ ልዩነት በሊትር ደም 8 ሚሊ ሊትር ኦክስጅን ነው። ሶፍትዌሩ 8ን ለ39 ያካፍላል፣ 20.5% ሸንት አለ ይላል፣ 5.2ቱን ወደ 6.5 ሊትር ያሳድገዋል። ከምንም የመጣ 1.3 ሊትር! የልብ ድካም ያለበት ሰው በዚህ ጭማሪ ጤነኛ መስሎ ሊወጣ ይችላል።

እውነተኛ ሸንት መኖሩን መለየት ቀላል ነው። 28% በሚሰጥ ቬንቱሪ ጭምብል ለ5 ደቂቃ ኦክስጅን ይስጡት። አዲስ አበባ ላይ 533 × 0.28 = 149 ሚሊ ሜትር ነው፣ ልክ ባሕር ጠለል ላይ ተራ አየር የሚሰጠውን ያህል። ንባቡ ወደ 97 ወይም 98 ከወጣ ከፍታው ነበር፤ የሸንት ማስተካከያውን ያጥፉት። ካልወጣ ሸንቱን በቁም ነገር ይዩት። ልብ ውስጥ ቀዳዳ ያለበት ሰው ሲሆን ደግሞ የሳንባው ፍሰትና የሰውነቱ ፍሰት እኩል ስላልሆኑ ቁጥሩን ካርዲያክ አውትፑት ብለው አይጻፉት፤ ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ይታይለት።

በደረጃ 2 የጠቀስነው የግፊት ስህተትም የሚጎዳው እዚህ ነው። የማስፊያውን ቁጥር የሚያዛባው በ2% ገደማ ብቻ ነው፤ የኦክስጅን ፍጆታውን ግን በአንድ ሦስተኛ ያጋንነዋል (713 ÷ 533)፣ በዚህም የሸንቱም የማመሳከሪያውም ስሌት አብሮ ይፈርሳል።

ጋዞቹ ካልተገኙ

ካርቦን ዳይኦክሳይድ ብቻ የሚለካ ካፕኖግራፍ ያለው ሰው በፊክ መንገድ ሊሄድ ይችላል። በየደቂቃው የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለካል፣ የደም ወሳጁ መጠን ከትንፋሽ መጨረሻ ይገመታል፣ የደም መላሹ ደግሞ 10% ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድና የቀረው ኦክስጅን ከሆነ ከረጢት አስተንፍሶ መስመሩ የሚተኛበትን በማንበብ ይገኛል፤ የሚወጣው ለሁለቱ ልዩነት ሲካፈል የደሙ ፍሰት ይወጣል። በብስክሌት ወይም በትሬድሚል ላይ መልካም ይሠራል። በእረፍት ላይ ግን አንመክረውም፦ በደም ወሳጁና በደም መላሹ መካከል ያለው ልዩነት 6 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ያህል ብቻ ስለሆነ የ1 ሚሊ ሜትር የንባብ ስህተት ውጤቱን በ17% ያዛባል። ሳንባው ለታመመ ሰው ደግሞ የትንፋሽ መጨረሻው ንባብ የደም ወሳጁን አይወክልም።

በሪፖርቱ ላይ ከቁጥሩ ጋር አኳኋኑ፣ የአየር ግፊቱ፣ የከረጢቱ መጠን፣ የኦክስጅን ንባቡ፣ የሸንት ማስተካከያው በርቶ ወይም ጠፍቶ መሆኑ እና የሁለቱ ልኬቶች ልዩነት ይግቡ። የሰልፈር ሄክሳፍሎራይዱ መስመር አብሮ ይታተም።